ቡድን ፍለጋ የተነዳ መቶ ዓመት

በ1924 የጣሊያን ዙር የብስክሌት ውድድር የሆነው የጂሮ ዲታሊያ አዘጋጆች ጭንቅ ላይ ነበሩ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስመ ጥር የሆኑት ቡድኖች በገንዘብ ጉዳይ ከአዘጋጁ ጋዜጣ ከላ ጋዜታ ዴሎ ስፖርት ጋር ተጣልተው አንሳተፍም ብለዋል። ኮከብ የሌለበት ውድድር ደግሞ ጋዜጣ አያሸጥም። አዘጋጆቹ መላ ሲያጡ በሩን በግሉ መጥቶ ለሚመዘገብ ሁሉ ከፈቱ፤ ምግብና ማደሪያውን እኛ እንችላለን አሉ። በዚያ በር ከገቡት አንዱ 72 ቁጥር የተሰጠው “አልፎንሲን ስትራዳ” ነው። ስሙ የተጻፈው ወንድ ይሁን ሴት በማይለይ አኳኋን ነበር። የስሙ ባለቤት ግን አልፎንሲና ስትራዳ፣ የ33 ዓመት ሴት ነበረች።

አልፎንሲና በሞዴና አቅራቢያ ከድሃ ገበሬዎች ተወለደች። ስታገባ ባሏ የሰጣት የሠርግ ስጦታ ኮርሳ ብስክሌት ነበር። በ1917 እና በ1918 በሎምባርዲያ ውድድር ከወንዶች ጋር ተሰልፋ ሁለቱንም ጊዜ ጨርሳለች፤ ስለዚህ ጂሮ ስትገባ ለመንገዱ እንግዳ አልነበረችም። የዚያ ዓመት ጂሮ 12 ምዕራፍና 3,613 ኪሎ ሜትር ነው። ከቦሎኛ ወደ ፊዩሜ የተነዳው አንዱ ምዕራፍ ብቻውን 415 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መንገዱ አብዛኛው ኮረኮንች ነው፤ ጎማ ሲተነፍስ የሚቀይረው ራሱ ተወዳዳሪው ነው፤ መለዋወጫውንም በትከሻው አጋድሞ ይዞ ይነዳል።

ከላኩዊላ ወደ ፔሩጂያ በተነዳው ምዕራፍ ዝናብና ነፋስ ተባብረው መጡ። አልፎንሲና ወድቃ የብስክሌቷ መሪ ተሰበረ። የሚደርስላት መካኒክ የለም፣ ትርፍ ብስክሌት የጫነ መኪና የለም፣ ቆሞ የራሱን የሚሰጣት የቡድን ጓደኛም የለም። በመንገድ ዳር ከሚገኝ ቤት የመጥረጊያ እንጨት ለምና፣ ቆርጣ፣ በተሰበረው መሪ ምትክ ሰካችና ጉዞዋን ቀጠለች። ፔሩጂያ ስትደርስ የተፈቀደው ሰዓት አልፎ ነበር። ዳኞቹ ከተከራከሩ በኋላ ከደረጃ ሰንጠረዡ ሰርዘዋት፣ መንዳቷን ግን እንድትቀጥል ፈቀዱ፤ ሕዝቡ እሷን ለማየት እንደሚወጣ አዘጋጆቹ ገብቷቸዋል። ከተነሡት 90 ተወዳዳሪዎች ሚላኖ ደርሰው ደረጃ ያገኙት 30 ናቸው። አልፎንሲናም ደረጃ ሳይኖራት ሚላኖ ገባች። በማግስቱ ዓመት ቡድኖቹ ታርቀው ተመለሱ፤ ለእሷ የተከፈተው በርም ተዘጋ።

የሴቶች የጎዳና ላይ ብስክሌት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው “ሴት ልጅ ትችላለች ወይስ አትችልም?” በሚለው ክርክር ነው። ክርክሩ ገና በአልፎንሲና ጊዜ ተዘግቷል ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ ያለው መቶ ዓመት በአብዛኛው ቡድን የማግኘት ታሪክ ነው። ቡድን ሲባል አንድ ዓይነት ማሊያ መልበስ ብቻ አይደለም። ደመወዝ አለበት፤ መካኒክ፣ ሐኪምና አሠልጣኝ የጫኑ መኪኖች አሉበት፤ ከሁሉም በላይ ለአንዷ ማሸነፍ ሲሉ ከፊት ሆነው ነፋሱን የሚሰብሩ ጓደኞች አሉበት። ከሌላ ሰው ጀርባ ተጠግቶ የሚነዳ ተወዳዳሪ እስከ ሲሶ የሚደርስ ጉልበት ይቆጥባል። ከዚህ አንድ እውነት ተነሥቶ ነው ስፖርቱ በግለሰብ ስም የሚሸለም የቡድን ሥራ የሆነው።

ቡድን ያጣች ጎበዝ ምን ታደርጋለች? ብቻዋን ከሰዓት ጋር ትወዳደራለች። የሉክሰምበርጓ ኤልሲ ጄከብስ በ1958 ፈረንሳይ ሬምስ ላይ የተካሄደውን የመጀመሪያውን የሴቶች የጎዳና ላይ የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈች፤ በዚያው ዓመት በአንድ ሰዓት 41.347 ኪሎ ሜትር ነድታ ያስመዘገበችው ክብረ ወሰን 14 ዓመት ቆየ። የእንግሊዟ ቤሪል በርተን ነገር ደግሞ ከዚህም ይብሳል። የዮርክሻየር ሴት ናት፤ ኑሮዋን የምትገፋው በአንድ የአትክልት እርሻ ላይ የጉልበት ሥራ እየሠራች ሲሆን ዕድሜ ልኳን አማተር ነበረች። በ1967፣ ለሁለተኛ ጊዜ የጎዳና ላይ የዓለም ሻምፒዮን በሆነችበት ዓመት፣ በ12 ሰዓት ውድድር 277.25 ማይል ማለትም 446 ኪሎ ሜትር ገደማ ነዳች። እዚያው መንገድ ላይ ማይክ ማክናማራ የሚባል ተወዳዳሪ የወንዶቹን ክብረ ወሰን ለመስበር እየጋለበ ነበር፤ ሰበረውም። ቤሪል ግን ከኋላው ደረሰችበት። ስታልፈው እጇን ወደ ኪሷ ሰዳ ከረሜላ አውጥታ ሰጠችው፤ እሱም አመስግኖ ተቀብሎ በላ። የእሷ ርቀት ለሁለት ዓመት ከወንዶቹም ሁሉ የበለጠ ነበር፤ በሴቶች ዘንድ ደግሞ እስከ 2017 ድረስ ማንም አልደረሰበትም።

ይህን ያህል አቅም ያላት ሴት በትልልቅ የፈረንሳይና የጣሊያን የብዙ ቀን ውድድሮች ላይ ያልታየችበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ውድድሩ ለእሷ አልነበረም። በ1955 ዣን ሌሊዮ የተባለ ፈረንሳዊ አዘጋጅ በኖርማንዲ 41 ሴቶችን ሰብስቦ የአምስት ቀን “የሴቶች ቱር” አካሂዶ ነበር። ያሸነፈችው ከማን ደሴት የመጣችው ሚሊ ሮቢንሰን ናት። በቀጣዩ ዓመት የሚደግመው አልተገኘም።

ሁለተኛው ልደት በ1984 መጣ። የቱር ደ ፍራንስ አዘጋጆች ከወንዶቹ ጎን ለጎን 18 ምዕራፍ ያለው የሴቶች ውድድር አሰናዱ። ተሰላፊዎቹ 36 ናቸው፤ ስድስት ስድስት ሆነው በስድስት ቡድን ተከፍለዋል። በየቀኑ ወንዶቹ በሚነዱበት መንገድ የመጨረሻውን ክፍል ቀድመው ይነዳሉ፤ ወንዶቹን ለማየት ከማለዳ ጀምሮ መንገድ ዳር የተኮለኮለው ሕዝብ በመጀመሪያ የሚያየው እነሱን ነው። አይጨርሱም ብሎ የተነበየው ሰው ብዙ ነበር። በዚያው ክረምት በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካተተው የሴቶች የጎዳና ላይ ውድድር 79.2 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን የወንዶቹ 190.2 ነበር። ሴቶቹ በፈረንሳይ ግን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ፣ የአልፕስን ተራሮች ጨምሮ፣ ነድተው ጥቂት ሲቀሩ ሁሉም ፓሪስ ገቡ።

አሸናፊዋ ማሪያን ማርቲን የተባለች የኮሎራዶ አሜሪካዊት ናት። ዓመቱን በደም ማነስ ታማ ነበር የጀመረችው፤ ቡድኑ ውስጥ የገባችውም በመጨረሻ በቀረው ቦታ ነው። የሜዳውን ምዕራፎች ሆላንዶች ሲያግበሰብሱ ታግሳ ቆየችና አልፕስ ሲደረስ የውድድሩ መሪ የምትለብሰውን ቢጫ ማሊያ ለበሰች። ፓሪስ ላይ ከወንዶቹ አሸናፊ ከሎራን ፊኞ ጎን ቆማ ተሸለመች። ፎቶግራፉ ዛሬም አለ፤ የሁለቱ ፈገግታ እኩል ነው። ኪሳቸው ግን እኩል አልነበረም። ፊኞ የወሰደው ሽልማት ከ100,000 ዶላር በላይ ሲሆን፣ የማርቲን 1,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ እሱንም ለቡድን ጓደኞቿ እራት ጋብዛበታለች። እንዲህ ያደረገችው ሞኝ ሆና አይደለም። ያ ቡድን ለአንድ ወር የተሰበሰበ፣ ደመወዝ የማይከፈለው፣ ውድድሩ ሲያልቅ የሚበተን ነበር። ከእራት በቀር የሚካፈሉት ነገር አልነበራቸውም።

የአገር አቋራጭ ስኪ ሻምፒዮንና የልጅ እናት የነበረችው ጣሊያናዊት ማሪያ ካኒንስ በ1985 እና በ1986 አሸነፈች። ቀጣዮቹን ሦስት ዓመታት የፈረንሳይዋ ዣኒ ሎንጎ ወሰደች። ከ1989 በኋላ አዘጋጆቹ ውድድሩን ተዉት። ሌሎች አነሡት፤ ስሙ ተቀየረ፤ “ቱር” የሚለውን ስም ባለቤቶቹ ስለከለከሉም እንደገና ተቀየረ። ምዕራፎቹ እያነሱ፣ ሽልማቱ እየዘገየ፣ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው በመኪና የሚሄዱበት ርቀት ከሚነዱት እየበለጠ ሄደ። በ2009 ኤማ ፑሊ ስታሸንፍ ከዚያ ሁሉ የቀረው የአራት ቀን ውድድር ነበር። እሱም ቀረ። በዚህ መካከል ከ1988 ጀምሮ የቆየው የሴቶቹ ጂሮ ባይኖር ኖሮ ረጅም የተራራ ውድድር ለሴቶች ከናካቴው ጠፍቶ ነበር።

በ2013 ኤማ ፑሊና ማሪያን ቮስን ጨምሮ አራት ሴት ስፖርተኞች ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩ፤ 100,000 የሚጠጋ ሰው ፈረመ። በ2014 የተገኘው መልስ በሻንዜሊዜ ላይ የአንድ ቀን ውድድር ነው፤ ቮስ አሸነፈች። የተራበን ሰው በጉርሻ መሸኘት ይመስላል ያሉ አልጠፉም። ቢሆንም ሌላ ነገር በዝግታ ይለወጥ ነበር። በ2016 የሴቶች የዓለም ቱር የተባለው የዓመት የውድድር መርሐ ግብር ተመሠረተ። በ2020 የዓለም ብስክሌት ኅብረት የከፍተኛ ደረጃ ቡድኖች ለሴት ተወዳዳሪዎቻቸው ቢያንስ 15,000 ዩሮ የዓመት ደመወዝ እንዲከፍሉ፣ የወሊድ ፈቃድም እንዲሰጡ ደነገገ፤ በ2022 ዝቅተኛው ደመወዝ 27,500 ደረሰ። አዘጋጆችም ቢያንስ የመጨረሻውን 45 ደቂቃ በቀጥታ ማስተላለፍ ግዴታ ሆነባቸው። ለዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ ከየትኛውም ድል ይልቅ ወሳኙ ይህ የወረቀት ሥራ ነው። ጠዋት ቢሮ ገብታ ማታ የምትለማመድ ሴትና ሥራዋ ይኸው ብቻ የሆነ ሴት አንድ መነሻ ላይ ቢቆሙ እንኳ እኩል አልተነሡም።

ቡድን በትክክል ሲሠራ ምን እንደሚመስል ለማየት ጥቅምት 2 ቀን 2021 ፈረንሳይ ሩቤ ላይ መቆም ነው። ወንዶች ከ1896 ጀምሮ የሚነዱት የፓሪስ–ሩቤ ውድድር ለሴቶች የተከፈተው በዚያ ቀን ነው። መንገዱ ለከብት ጋሪ የተነጠፈ የጥንት ድንጋይ ሲሆን፣ ዝናብ ወርዶበት ጭቃ ለብሷል። የትሬክ–ሴጋፍሬዶ ቡድን መሪዎች ኤለን ቫን ዳይክና ኤሊዛ ሎንጎ ቦርጊኒ ነበሩ። ሊዚ ዴይግናን ሥራዋ እነሱን መጠበቅ ነው፤ ወደ መጀመሪያው ድንጋያማ ክፍል ከፊት ሆና የገባችውም ለዚሁ ነበር። ከዚያ ስትወጣ ዞር ብላ ስታይ ከኋላዋ ማንም የለም። 80 ኪሎ ሜትር ይቀራል። ለብቻዋ ገፋች። ይህ እብደት የሚመስል ውሳኔ የቡድን ስሌት አለው፤ እሷ ከፊት እስካለች ድረስ የቡድን ጓደኞቿ ከኋላ ሆነው ነፋስ የመስበር ግዴታ የለባቸውም፤ የሚደክሙት ሌሎቹ ናቸው። ጓንት አላደረገችም ነበርና መጨረሻው ላይ ከእጇ የፈሰሰው ደም የመሪውን መጠቅለያ አቅልሞት ታየ።

አንደኛ ወጥታ ያገኘችው ሽልማት 1,535 ዩሮ ነው። በማግስቱ የወንዶቹን ያሸነፈው ሶኒ ኮልብሬሊ የወሰደው 30,000። የዴይግናን ቡድን ልዩነቱን ከራሱ ኪስ እንደሚሸፍን አስታወቀ፤ አልፎንሲና ይህን ብትሰማ ምን ትል ይሆን?

ነገር ግን ቡድን ሁሉንም አይፈታም፤ ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ በቶኪዮ ኦሊምፒክ የሆነው ይህን ያሳያል። ሆላንድ አራት የዓለም ምርጦችን አሰልፋለች። ኦስትሪያ አንዲት ሴት ብቻ፤ አና ኪዘንሆፈር። የሒሳብ ዶክተር ናት፤ ፕሮፌሽናል ቡድን የላትም፤ አሠልጣኝም አልነበራትም። ገና ከመነሻው አምልጣ ሄደች፤ አብረዋት ያመለጡትንም አንድ በአንድ ጣለች። በኦሊምፒክ ከአሠልጣኝ ጋር የሚነጋገሩበት የጆሮ ሬዲዮ አይፈቀድም። ከኋላ ያሉት ፊት ሰው መኖሩን ዘነጉት። ኪዘንሆፈር አንደኛ ከገባች ከአንድ ደቂቃ ከሩብ በኋላ ሆላንዳዊቷ አነሚክ ቫን ፍሉተን መስመሩን ስታልፍ ወርቅ ያገኘች መስሏት እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች። አራት ሆነው አንዲቱን አጡ። በዚያው ውድድር ላይ ኤርትራዊቷ ሞሳና ደበሳይ ተሰልፋ ነበር፤ በኦሊምፒክ ብስክሌት የተወዳደረች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ናት።

ቫን ፍሉተን በቀጣዩ ዓመት ተካሰች። ሐምሌ 2022 የቱር ደ ፍራንስ አዘጋጆች ከ33 ዓመት በኋላ የብዙ ቀን የሴቶች ውድድር መለሱ፤ 24 ቡድን፣ 144 ተወዳዳሪ፣ ስምንት ምዕራፍ፣ ለአሸናፊዋ 50,000 ዩሮ። ስፖንሰሩ ሰው ቤቱ ሆኖ ብስክሌት የሚለማመድበትን የኮምፒውተር ጨዋታ የሚሸጥ ድርጅት ነው። ብዙ ጋዜጣ “የመጀመሪያው” ብሎ ጻፈ፤ ማርቲንም ሆነ ሎንጎ ገና በሕይወት አሉ። ቫን ፍሉተን በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሆድ ሕመም ስትማቅቅ ሰንብታ በተራራዎቹ ላይ ለብቻዋ ወጥታ አሸነፈች።

በ2024 ግን ቡድን መኖሩም ብቻውን እንደማይበቃ ታየ። ነሐሴ 15 በአምኔቪል፣ ቢጫውን ማሊያ የለበሰችው ዴሚ ፎለሪንግ መጨረሻው ስድስት ኪሎ ሜትር ሲቀረው ከሌሎች ጋር ወደቀች። በደንቡ የቡድን ጓደኞቿ ቆመው መልሰው ወደ ግሩፑ ሊጎትቷት ይገባል። በዚያ የመጨረሻ ግርግር ማን የት እንዳለ ሳይለይ ቀረ፤ ፎለሪንግ እየተንገዳገደች ብቻዋን ስትነዳ የገዛ ቡድኗ ልጅ ብላንካ ቫሽ ምዕራፉን አሸነፈች። ፎለሪንግ በዚያ ቀን 1 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ አጣች፤ ቢጫው ማሊያም ወደ ፖላንዳዊቷ ካሻ ኒየቪያዶማ ሄደ። ሦስት ቀን ቆይቶ በመጨረሻው ምዕራፍ ፎለሪንግ ከግላንዶን ተራራ ጀምራ ጥቃት ከፍታ አልፕ ዱዌዝ ላይ አሸነፈች። ቱሩን ግን በ4 ሰከንድ ተነጠቀች። በወንዶቹም ታሪክ ቢሆን ከዚህ የጠበበ ልዩነት የለም፤ በ1989 ፊኞ የተሸነፈው በ8 ሰከንድ ነው። በቀጣዩ ዓመት ፎለሪንግ ወደ ሌላ ቡድን ሄደች።

በዚያው ወር መጀመሪያ ላይ በፓሪስ ኦሊምፒክ የሴቶች የጎዳና ላይ ውድድር መነሻ ላይ እየሩ ገብሩ ቆማ ነበር። የትግራይ ልጅ ናት፤ ለኢትዮጵያ ስትወዳደር ቆይታ በስዊዘርላንድ ኤግል በሚገኘው የዓለም ብስክሌት ማዕከል ሠልጥናለች። የትግራይ ጦርነት ከተነሣ በኋላ ኑሮዋን ፈረንሳይ አድርጋ ፓሪስ ላይ የተሰለፈችው በስደተኞች የኦሊምፒክ ቡድን ስም ነው። ኢትዮጵያ በብስክሌት ከ1956ቱ የሜልቦርን ኦሊምፒክ ጀምሮ ስሟ አለ፤ በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ የወንዶቹን ቱር ደ ፍራንስ የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ለአንዲት የመቀሌ ወይም የአዲስ አበባ ወጣት ግን እንቅፋቱ ዳገት አይደለም፤ ዳገት ሞልቷል። እንቅፋቱ ከአፍሪካ ውጭ ቀጥሮ፣ ቪዛ አስጨርሶ፣ ብስክሌትና ደመወዝ ሰጥቶ ዓመቱን ሙሉ የሚያወዳድር ቡድን ማግኘት ነው። የዓለም ሻምፒዮናውም ቢሆን አፍሪካን የረገጠው ገና በመስከረም 2025፣ ኪጋሊ ላይ ነው።

ከአህጉሩ ሴቶች ቢጫውን ማሊያ ያገኘችው ኪም ለኮርት የሞሪሺየስ ሰው ናት። በደቡብ አፍሪካ በተራራ ብስክሌት ስትወዳደር ኖራ፣ በ2024 ወደ ቤልጂየም ቡድን ገባች። በ2025 የጸደይ ወራት የሊዬዥ–ባስቶኝ–ሊዬዥን ውድድር፣ በክረምቱ ደግሞ የቱር ደ ፍራንስን አምስተኛ ምዕራፍ አሸነፈች፤ ማሊያውንም ለብሳ ወደ አልፕስ ገባች። በስምንተኛው ምዕራፍ፣ ከማድሌን ተራራ በፊት፣ ዳገት ላይ ኃይለኛ የሆነችው የቡድን ጓደኛዋ ሣራ ጂጋንቴ ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ ቀረች። ለኮርት ከእነማሊያዋ ከፊቷ ሆና ነፋስ እየሰበረች ወደ መሪዎቹ መለሰቻት። በዚያ ቀን ጂጋንቴ ሁለተኛ ወጣች፤ ቢጫው ማሊያ ከለኮርት ወደ ፈረንሳይዋ ፖሊን ፌራን-ፕሬቮ ተላለፈ፤ ፌራን-ፕሬቮም በማግስቱ ሻቴል ላይ ከ1989 ወዲህ የመጀመሪያዋ ፈረንሳዊት አሸናፊ ሆነች።